በአረማመድ ምርመራ ፒኤችዲ መሥራት ለምትፈልጉ

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ካለባቸው ልጆች ጋር እሠራለሁ። ልጅ ሲራመድ በዓይን ብቻ አይቶ ስለ ቀዶ ሕክምና መወሰን ከባድ ነው። በካሜራ፣ የእግርን ጫና በሚለካ ወለልና የጡንቻን ኤሌክትሪክ በሚመዘግብ መሣሪያ የሚሠራ ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ስትፈልጉ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ላቦራቶሪውን እዩ። እውነተኛ ታካሚ ይመረመርበታል? በቤልጅየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ፔለንበርግ ያለው ላቦራቶሪ እንዲህ ያለ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደሞዝተኛ ስለሆነ ቦታው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል። ዩራክሰስ (EURAXESS) በተባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች ሥራ ማስታወቂያ ድረ-ገጽ ላይ ፈልጉ።

የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርክ፣ ማለትም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሠራው የፒኤችዲ ፕሮግራም፣ ዜግነት አይመርጥም። ግን ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ የፒኤችዲው ቦታ ባለበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ አይወዳደርም። ማስተርሳችሁን እዚያው እየሠራችሁ ከሆነ ይህን አሁኑኑ አስሉ፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ኦፕንሲም (OpenSim) የሰውነትን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አብረውት በሚመጡት ናሙናዎች የጉልበትን እንቅስቃሴ አስሉና ግራፉን ከኢሜላችሁ ጋር ላኩ። ለፕሮፌሰሩ ከረጅም ሲቪ ይልቅ ይህ ይናገራል። ጥያቄያችሁም ካያችሁት ታካሚ ይነሳ፦ የተወጠረ ጡንቻን የሚያላላው ቦቶክስ ከተወጋ በኋላ የአንዱ ልጅ አረማመድ ሲሻሻል የሌላው ለምን አልተሻሻለም?