የጀብዱ የአየር ጉዞን ከመጨረሻው በረራ ጀምሮ ማቀድና ርካሽ ትኬት ማግኘት

ወደ ሩቅና ያልተለመደ ስፍራ ለመብረር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከረጅሙ አህጉር አቋራጭ በረራ ነው፤ ዋጋው ስለሚያስደነግጠው ቀድሞ ሊገላገለው ይፈልጋል። እኔ ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ እመክራለሁ። ረጅሙ በረራ በአብዛኛው በየቀኑ ስለሚኖር አማራጩ ሰፊ ነው፤ ጉዞውን ጀብዱ የሚያሰኘው የመጨረሻው አጭር በረራ ግን በሳምንት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚደረግ፣ መቀመጫው የተቆጠረና ለአየር ጠባይ የተገዛ ሊሆን ይችላል።

ወደ ኤቨረስት ግርጌ የሚጓዙ እግረኞች የሚያርፉበት የኔፓሉ ሉክላ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ መንደርደሪያውም 527 ሜትር ብቻ ነው፤ ደመና ሲወርድ በረራው ይቆማል፣ አንዳንዴም ለቀናት። ተጓዥ በሚበዛባቸው ወራት ደግሞ ብዙዎቹ በረራዎች የሚነሡት ከካትማንዱ ሳይሆን የበርካታ ሰዓታት የመኪና መንገድ ከሚያስኬደው ከራሜቻፕ ነው። ከሉክላ በሚመለስበት ማግስት ወደ አገሩ የሚወስደውን ውድ ትኬት የቆረጠ ሰው ገንዘቡን በደመና ላይ አስይዟል ማለት ይቻላል፤ በመካከል ሁለት ወይም ሦስት ቀን መተው ከማናቸውም ቅናሽ ይበልጣል። በስኮትላንድ ባራ ደሴት ደግሞ አውሮፕላኑ የሚያርፈው በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ስለሆነ የበረራው ሰዓት የሚወጣው የባሕሩን ሙላትና ሽሸት ተከትሎ ነው።

የመጨረሻው በረራ ቀን ከታወቀ በኋላ ቀሪውን በተቻለ መጠን ልቅ አድርገው ይፈልጉ። የበረራ ዋጋ መፈለጊያው ጉግል ፍላይትስ የየቀኑን ዋጋ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያሳያል፤ ሌላው መፈለጊያ ስካይስካነርም አንድን ወር በሙሉ፣ መድረሻን እንኳ ሳይወስኑ ለማየት ያስችላል። ወደ አንድ ከተማ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ በአካባቢው ያሉትን ሦስት አራት የአውሮፕላን ማረፊያዎች ይሞክሩ፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣትንም በ«ብዙ ከተማ» ፍለጋ ይመልከቱ፤ የመጡበትን መንገድ ደግሞ ለመመለስ የሚወጣውን ወጪና ጊዜ ያስቀራልና። አንዳንድ አየር መንገዶች በመሸጋገሪያ ከተማቸው ለጥቂት ቀናት መቆየትን ያለ ተጨማሪ የበረራ ዋጋ ይፈቅዳሉ፤ የአይስላንዱ አየር መንገድ አይስላንዴር በሬይክያቪክ የሚሰጠው ዕድል የታወቀ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። በአውሮፕላኑ በአንድ ማዕረግ (ለምሳሌ በኢኮኖሚ) ውስጥ ያሉት መቀመጫዎች በልዩ ልዩ የዋጋ ደረጃ ተከፋፍለው ይሸጣሉ፤ ለአራት ሰው ሲፈልጉ በርካሹ ደረጃ የቀሩት ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ አራቱም በውዱ ዋጋ ይቀርቡልዎታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ለአንድ ሰው ፈልገው ዋጋውን ያወዳድሩ፤ ልዩነት ካለ ትኬቱን ከፋፍለው ይግዙ።

ጥንቃቄ የሚሻው ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን ለየብቻ ገዝቶ በራስ አያይዞ መጓዝ ነው። ዋጋው በእርግጥ ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ ሁለተኛው አየር መንገድ በአብዛኛው ኃላፊነት የለበትም። ሻንጣዎን ተቀብለው እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርብዎ ይችላል፤ ለዚህም ወደ አገሩ መግባት ግድ ስለሚሆን፣ ማረፊያው ውስጥ ሆኖ ለሚሸጋገር ሰው የማያስፈልገው ቪዛ ለእርስዎ ሊያስፈልግ ይችላል። የቪዛውን፣ የሻንጣውንና የአዳሩን ዋጋ ሳይደምሩ ትኬቱን ርካሽ አይበሉት። በአንድ ትኬት የተያያዙ በረራዎችን በተመለከተ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳይሳፈሩ ከመካከል መነሣት አይቻልም፤ አንዱ ሲቀር ተከታዮቹ እንደሚሰረዙ ይወቁ።

ዋጋውን በመፈለጊያ ገጾች ካገኙ በኋላ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ይግዙ፤ በሌላ ሻጭ በኩል ከገዙ ግን የበረራ ለውጥ ሲመጣ ሻጩና አየር መንገዱ እርስ በርስ እየተላላኩ ተጓዡን ያጉላሉታል። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ የሚደረግ በረራ ከጉዞው ቢያንስ ሰባት ቀን አስቀድሞ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ከተገዛ፣ የአሜሪካ ሕግ ከተያዘ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰረዝ ወይም ሳይከፈል ዋጋው እንዲያዝ ያስገድዳል። ይህ ጊዜ ስምዎ ከፓስፖርትዎ ጋር አንድ መሆኑንና ፓስፖርትዎ ብዙ አገሮች የሚጠይቁት የ6 ወር የአገልግሎት ጊዜ ገና ያለው መሆኑን ለማረጋገጥ ይበቃል።

ሻንጣዎንም ሲያዘጋጁ የሚመዝኑት በትልቁ አውሮፕላን ልክ ሳይሆን በትንሹ ልክ ይሁን፤ ወደ ሉክላ በሚደረጉት በረራዎች የተለመደው ገደብ የእጅ ዕቃን ጨምሮ 15 ኪሎ ያህል ነው።