የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ማስታወቂያ ሳይወጣ ያዙ
ከግል ድርጅት የለቀቃችሁ ወይም ልትለቁ ያሰባችሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ከአሁኑ አውጡ። የቅጥር ማስታወቂያ የሚሰጠው ጥቂት የሥራ ቀናት ነው፤ በዚያ ላይ ፈራሚው መስክ ወጥቶ፣ ማኅተም ያዧ ፈቃድ ላይ ሆና ቀኑ ያልፋል። ብቃት ያለው ሰው በወረቀት ሲወድቅ ያሳዝናል።

ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ደመወዙ፣ በተለይ ደግሞ የሥራ ግብር መከፈሉ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ግብሩ ያልተገለጸበትን የግል ድርጅት ልምድ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አይቀበሉም።

ሥራ ላይ እያላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው ማስረጃውን በነፃ እንዲሰጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድዳል። ስማችሁም ዲግሪያችሁ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆኑን እዩ።