ነጻ የዲዛይን ሶፍትዌር ስንመርጥ የት ላይ እንሳሳታለን?

ብዙ ሰው ሶፍትዌር የሚመርጠው ጓደኛው የሚሠራበትን አይቶ ነው። ጓደኛው ፎቶሾፕ (የሚከፈልበት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ካለው በፍላሽ ይቀበላል፤ ያውም ክራኩን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን ሕገወጥ ቅጂ። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። መጫኛው «አንቲቫይረሱን አጥፉት» ካለ ቫይረስ ይዞ ሊሆን ይችላል። በሕጋዊ መንገድ ነጻ የሆነው ደግሞ ሞልቷል፦ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለሎጎና ለባነር ኢንክስኬፕ፣ በእጅ ለመሣል ክሪታ። የተላከላችሁን የፎቶሾፕ ፋይል መክፈት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ፎቶፒ በብሮውዘር ይከፍትላችኋል።

ትልቁ ስህተት ግን ሥራው የት እንደሚውል ሳያስቡ መጀመር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የዘጌ ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች እንበል። በካንቫ (በኢንተርኔት የሚሠራ፣ ዝግጁ ዲዛይኖች ያሉት መሣሪያ) ለቴሌግራም የሚሆን፣ ወርዱ 1080 ፒክስል ወይም ነጥብ የሆነ ምስል ሠራች፤ አማረላት። ያንኑ ይዛ ማተሚያ ቤት ሄደች፤ 3 ሜትር ባነር አሠራች። 3 ሜትር ወደ 118 ኢንች ነው። ስለዚህ ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 9 ፒክስል ብቻ ነው። የፊደሉ ጠርዝ ጥርስ ያወጣል፤ ቡናዋም ጭጋግ ይመስላል። ኢንክስኬፕ ላይ ቢሆን ፊደሉና ሎጎው የሚሠሩት በቬክተር (በነጥብ ሳይሆን በሒሳብ በሚሰላ መስመር) ስለሆነ ቢዝነስ ካርድም ሆነ ባነር ላይ አይደበዝዙም። ውስጡ የምታስገቡት ፎቶ ግን ያው ነው፤ ደብዛዛ ከሆነ ደብዛዛ ነው።

ሌላው፣ በአማርኛ ሳይሞክሩ መምረጥ። ቴምፕሌቱ (ዝግጁው ዲዛይን) በእንግሊዝኛ ያምራል፤ «የዘጌ ቡና» ብላችሁ ስትጽፉ ያ ቆንጆ ፊደል ይጠፋል፤ አንዳንዴም ባዶ ሳጥን ይደረደራል። በነጻው ካንቫ የራሳችሁን ፎንት መጫን አይቻልም። ጊምፕና ኢንክስኬፕ ግን ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ፎንት ይጠቀማሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ነጻ ናቸው፤ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳሉ። ዩኒኮድን (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩትን የፊደል ኮድ) በማይከተሉ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉን ወደ ፓዝ (ወደ ተሣለ ቅርጽ) ቀይራችሁ ብትሰጡ ፎንቱ ባይኖራቸውም አይበላሽም። ከዚያ በኋላ ግን ጽሑፉን ማረም ስለማይቻል፣ ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ።

ካንቫን የሚንቁም ተሳስተዋል። ለበዓል ካርድ፣ በስልክ፣ በአስር ደቂቃ፣ የሚያህለው የለም። ግን የሚሠራው በዋናነት በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቁጭ ነው። ጊምፕን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ ካወረዳችሁ ግን ያለ ዳታ ይሠራል። ካንቫ ላይ የሚከፈልባቸውን ምስሎች ከጅምሩ ተዉ፤ ጨርሳችሁ ስታወርዱ ምልክት ተጋድሞባቸው ይወጣሉ ወይም ክፈሉ ትባላላችሁ።

ቀለምም አለ። ስክሪን ላይ የሚያበራው የጣና ሰማያዊ ሲታተም ይደክማል፤ ስክሪን ብርሃን ነው፣ ማተሚያ ደግሞ ቀለም። ክሪታ በማተሚያው የቀለም ሥርዓት መሥራት ይችላል። በሌላው ስትሠሩ ትንሽ ናሙና አሳትማችሁ እዩ።

ማተሚያ ቤቱ «በቴሌግራም ላኩልን» ካላችሁ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። በፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ያሳንሰዋል።