የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ ካለ ፓምፑን ተዉት፣ ጎማውን ፍቱ

ፊውዙን አይታችኋል፣ የፍሬን ዘይቱ ሞልቷል፣ ባትሪውም ጤነኛ ነው ብዬ ልጀምር። ኤቢኤስ ፍሬን አጥብቃችሁ ስትረግጡ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት ነው። ቁልፍ ስትከፍቱ መብራቱ በርቶ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ወይም እየነዳችሁ ከበራ፣ የዛሬው ጉዳያችን እሱ ነው።

ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል። አጥብቃችሁ ስትረግጡ ግን ጎማው ተቆልፎ ሊንሸራተት ይችላል፣ ስለዚህ በዝናብ ቀስ በሉ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮት ከበራ ሌላ ነገር ነው። የእጅ ፍሬኑ ወርዶ፣ ዘይቱ ሞልቶ ቀዩ ካልጠፋ፣ የኋላ ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ መኪናዋን ሊያዞራት ይችላል። አትንዱ።

ጎማ ከመፍታታችሁ በፊት መብራቱ መቼ እንደሚበራ ልብ በሉ። ሳትንቀሳቀሱ በርቶ ከቀረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ሶኬት ወልቋል። ትንሽ ሄዳችሁ ከበራና አጥፍታችሁ ስታስነሱ ከጠፋ፣ ሽቦው አለ፣ ጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር ግን የጎማውን ዙር በትክክል አያነብም። ልትቆሙ ስትሉ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ግርርር ካለ ደግሞ ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርስ ያለው ቀለበት መሰንጠቁን ጠርጥሩ። ያኔ መብራቱ ጭራሽ ላይበራም ይችላል። ከአውሮፓ የመጡ መኪኖች ላይ ይህን አይቻለሁ። የክረምት መንገዳቸው ጨው ይነሰነስበታል፣ ጨው ዝገት ያመጣል፣ ዝገቱ ቀለበቱን ከሥር ገፍቶ ይሰነጥቀዋል።

የምርመራ ማሽን ያለው የብልሽት ኮዱን ያንብብ። ቶዮታ ላይ ሲ0200 የፊት ቀኝ፣ ሲ0205 የፊት ግራ፣ ሲ0210 የኋላ ቀኝ፣ ሲ0215 የኋላ ግራ ነው። ማሽን የሌለው በቀደሙት ቪትዝና ኮሮላ ላይ ከመሪው ሥር ያለውን የምርመራ ሶኬት ይፈልግ። 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፍ ክፈቱ። መብራቱ ራሱ ይነግራችኋል። ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ 32 ነው፣ የፊት ግራ። 31 የፊት ቀኝ፣ 33 የኋላ ቀኝ፣ 34 የኋላ ግራ። 41 ከሆነ የባትሪ ቮልቴጅ ነው። ቀዳዳውን ደግማችሁ ቁጠሩ። 16ኛው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ኃይል ነው፣ ከተሳሳታችሁ ታቃጥላላችሁ።

እኔ ጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ 31 ወይም 32 ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዬም አንድ ነው፦ «በቅርቡ አሞርዛተር ወይም ኩሽኔታ አስቀይረሃል?» መልሱ ሁሌም ማለት ይቻላል «አዎ» ነው።

ከሴንሰሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው ሽቦ አሞርዛተሩ ላይ በትንሽ ቡሎን ይታሰራል። በ10 ቁልፍ ትፈታለች። አሞርዛተር የሚቀይረው ሰው ይፈታታል፣ ሲጨርስ ይረሳታል። ከዚያ ሽቦው ይንጠለጠላል። መሪ በታጠፈ ቁጥር ይወጠራል፣ ኮብልስቶን ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቸርኬው ይፍቀዋል። አንድ ቪትዝ ላይ በቡሎኗ ፋንታ በፌስታል ታስሮ አገኘሁት። አዎ፣ የሱቅ ፌስታል! ባለቤቱ ለዚያ ሥራ የእጅ ዋጋ ከፍሏል።

ይህ ብልሽት የሚያደክመው፣ የሽቦው ልባስ ላዩ ደህና ሆኖ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ስለሚበጠስ ነው። መሪው ቀጥ ሲል ይገናኛል፣ ሲታጠፍ ይለያያል። ስለዚህ ቴስተር ሰክታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። አንድ ሰው መሪውን ጥግ ድረስ ወዲህና ወዲያ ያዙር፣ እናንተ ሽቦውን እያሻችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከዘለለ አገኛችሁት። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰሮች ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ኦም አካባቢ ያነባሉ። ዋናው ከወዲያኛው ጎማ ጋር ማወዳደሩ ነው። አዳዲሶቹን ግን በኦም አትለኩ፣ ምንም አይነግራችሁም። ጎማውን አንስታችሁ በእጅ እያዞራችሁ ፍጥነቱን ከማሽኑ አንብቡ። ክሪክ ብቻ አምናችሁ ከሥር አትግቡ።

መፍትሄው ሴንሰሩን ከነሽቦው መቀየር ነው። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግራና ቀኙ ይለያያል። የተበጠሰውን ሽቦ መቀጠል ግድ ከሆነ በሊድ በይዱ፣ በሙቀት የሚኮማተር ጎማ አልብሱት፣ የተበየደውንም ሽቦው ከሚተጣጠፍበት ቦታ አርቁት። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያመጣችኋል። ሴንሰሩ አልወጣ ካለ በመዶሻ አትምቱት፣ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ይቀራል። ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ብቻ ከሆነ በጨርቅ ጥረጉት፣ አለቀ።

ኩሽኔታም ያው ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ የባለ ጥርሱን ቀለበት ቦታ የያዘው ኩሽኔታው ጎን ላይ ያለ ማግኔት ነው። በዓይን ተራ የጎማ ክዳን ይመስላል። አንድ ደንበኛዬ ኩሽኔታ ባስቀየረ ማግስት መብራቱ በራ። «ሴንሰር ነው» ተባለ፣ ገዛ። አልጠፋም። «ፓምፕ ነው» ተባለና ገንዘብ ሊያፈላልግ ሲል እኔ ጋ መጣ። ፈታሁት። ኩሽኔታው ተገልብጦ ገብቷል፣ ማግኔቱ ወደ ውጭ ያያል! ከመግጠማችሁ በፊት ሁለቱንም ጎን በቀጭን መርፌ ሞክሩ። መርፌዋን የሚስበው ጎን ወደ ሴንሰሩ ይሁን። የትኛውም ጎን ካልሳበ የተሸጠላችሁ ኤቢኤስ ለሌለው መኪና ነው፣ መልሱት።

ፓምፑ ራሱ ይበላሻል? ይበላሻል፣ ግን አልፎ አልፎ ነው። መጠኑ የተለየ ትርፍ ጎማ ገጥማችሁ ከሆነም መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

የኤቢኤስ መብራቱን ከሞተር ዘይት መብራት ጋር የሚያገናኙ «ባለሙያዎች» አሉ። ሞተር ሲነሳ የዘይቱ ይጠፋል፣ የኤቢኤሱም አብሮ ይጠፋል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። መኪና ስትገዙ ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ አምስት ሰከንድ ጠብቁ። የኤቢኤሱ ቀድሞ በራሱ ካልጠፋ ወይ ብልሽት አለ፣ ወይ ተነካክቷል።

ጥገናው ሲያልቅ ኮዱን አጥፉ። 4ኛውንና 13ኛውን አገናኝታችሁ፣ ቁልፍ ከፍታችሁ፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ፍሬኑን ስምንት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ርገጡ። ሽቦዋን ነቅላችሁ ነድታችሁ ሞክሩ። እንደገና ከበራ ያቺን የ10 ቡሎን ማሰራችሁን እዩ።