ስኮላርሺፕ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ወላጆች ደውለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ ስኮላርሺፕ የሚገኝበትን ድረ ገጽ ላክልኝ።» አራተኛዋ እናት ግን የደወሉት እያለቀሱ ነበር። «ለልጅዎ ስኮላርሺፕ አስጨርስልዎታለሁ» ላላቸው ሰው 400 ዶላር ከፍለዋል። ሰውየው የሠራው ሥራ ፋፍሳ የሚባለውን የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። ቅጹ በነፃ የሚሞላ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ «ነፃ» የሚለውን ቃል ይወክላል። ይባስ ብሎ የራሱን ኢሜይል ስላስገባበት ኮሌጁ ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠይቅ መልእክቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ሄደው ቀሩ። ልጁም የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያለ ምንም ድጋፍ ጀመረ። ይህን የምጽፈው አምስተኛው ሰው ከመደወሉ በፊት ነው።

ገቢው ዝቅተኛ ለሆነና አሜሪካ ከገባ ብዙ ላልቆየ ቤተሰብ ዋናው ገንዘብ ያለው በውድድር በሚገኝ ስኮላርሺፕ ውስጥ አይደለም። ዋናው ገንዘብ በፋፍሳ በኩል የሚመጣው ነው፤ የፌደራሉ ፔል ግራንት፣ የምትኖሩበት ግዛት የሚሰጠው ድጋፍ፣ ኮሌጁም ከራሱ ካዝና የሚያወጣው። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። በብዙ ኮሙኒቲ ኮሌጆች (ክፍያቸው ዝቅ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጆች) የዓመቱን የትምህርት ክፍያ ሸፍኖ ለመጽሐፍ ይተርፋል። ድርሰት ጻፉ አይልም፤ ከማንም ጋር አያወዳድርም። በዋናነት የሚታየው የቤተሰቡ ገቢና ብዛት ነው። ሰው ግን ይህንን ትቶ 500 ዶላር ለሚያሸልም ውድድር ሦስት ሌሊት ያድራል።

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው የፌደራሉን የተማሪ ድጋፍ ለመጠየቅ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የአምስት ዓመቱ ገደብ ያለው በሌሎች የመንግሥት ድጎማዎች ላይ ነው። በዲቪ የመጣ ተማሪ በመጣበት ዓመት ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ገና ውሳኔ ያላገኘ ወይም ጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) ብቻ ያላቸው ግን የፌደራሉን ገንዘብ አያገኙም። ለእነዚህ ተስፋው ያለው በግዛቶች በኩል ነው። ካሊፎርኒያን፣ ዋሽንግተንንና ሚኒሶታን የመሳሰሉ ግዛቶች ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ተማሪዎች የራሳቸው ቅጽ ስላላቸው መስፈርቱን እዚያ ተመልከቱ።

ቅጹ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። «በየዓመቱ» የምለው ምክንያት አለኝ፤ አንድ ጊዜ ሞልቶ ለአራት ዓመት ያለቀለት የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። የፌደራሉ ቀነ ገደብ ረጅም ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ የግዛቶቹ ግን አጭር ነው። የሜሪላንድና የካሊፎርኒያ በተለምዶ ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። አንዳንድ ግዛት ደግሞ ገንዘቡ እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቅጹን በኦክቶበር ሙሉት።

የሚጠየቀው ገቢ የሁለት ዓመት በፊት ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚታየው የ2024 ገቢ ነው ማለት ነው። በዚያ ዓመት አገር ቤት ከነበራችሁ የብር ገቢያችሁን ወደ ዶላር መንዝራችሁ ትሞላላችሁ፤ ደመወዝ እያላችሁ ዜሮ አትጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የለቀቀ ወይም የታመመ ወላጅ ካለ ደግሞ ወደ ኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሄዳችሁ የቤተሰባችሁ ሁኔታ እንደ ተለወጠ በማስረጃ አስረዱና በአዲሱ ገቢ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ቢሮው ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው። ካልጠየቃችሁት ግን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም፤ በዚህ ነገር ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

24 ዓመት ያልሞላው፣ ያላገባና ልጅ የሌለው ተማሪ የቤት ኪራዩን ራሱ ቢከፍልም በቅጹ ላይ የወላጆቹ ጥገኛ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚህ ውጪ ያሉት ጥቂት ሁኔታዎች ቅጹ ላይ ተዘርዝረዋል። «ከአጎቴ ጋር ነው የምኖረው፤ የእሱን ገቢ ላስገባ?» አታስገቡ። አጎት በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰዳችሁ በቀር በዚህ ቅጽ ወላጅ አይባልም። ወላጆቻችሁ አገር ቤት ቢሆኑም መረጃቸው ያስፈልጋል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ቅጹ የሚሞላበትን የራሱን መለያ (አካውንት) መክፈት ይችላል። የወላጅን መለያ ልጅ፣ የልጅን መለያ ወላጅ አይክፈት፤ ፊርማ ነውና።

ስለ ስም ደግሞ እጅግ ተጠንቀቁ። ቅጹ ላይ የሚጻፈው ስም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ የአባት ስም ብቻ ካለ፣ የልደት ቀኑም በአንዱ ወረቀት በእኛ፣ በሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ከተጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው ብሎ ያግዳችኋል። የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም ለምን እንደሚለያይ የማያውቅ ሠራተኛም ያጋጥማችኋል፤ በትዕግሥት አስረዱት። ይህን ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉ።

አሁን የምናገረው ብዙ ሰው ያስቀይማል። ከአገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ፔል ግራንት አይፈቀድለትም። ዲግሪው ከየትም አገር ቢሆን ዲግሪ ነው። «አትናገር፣ 12ኛ ክፍል ብቻ ነው ያለኝ በል» የሚል መካሪ በየቤቱ አለ፤ አትስሙት። ቅጹን ስትፈርሙ የሰጣችሁት መረጃ እውነት ነው ብላችሁ ነው፤ ሆን ብሎ ሐሰት መሙላት እስከ 20,000 ዶላር መቀጮ፣ እስራት ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። በዚያ ላይ ዲግሪውን የደበቀ ሰው የተማራቸውን ኮርሶች ማስቆጠር አይችልም፤ ለሚያውቀው ካልኩለስ ድጋሚ ይከፍላል። ዲግሪ ያለው ሰው ማስረጃውን አስገምግሞ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ወደ ሙያ ፈቃድ ቢያመራ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ውድድሮቹ ልምጣ። ልጃችሁ እዚህ 12ኛ ክፍል ላይ ካለና ውጤቱ ከፍተኛ ከሆነ ኩዌስትብሪጅና ጌትስ ስኮላርሺፕ የሚባሉትን ዕወቁ። ኩዌስትብሪጅ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ተማሪዎችን ከታላላቅ ኮሌጆች ጋር በሙሉ ወጪ ያገናኛል። ጌትስ በየዓመቱ ተማሪዎችን ይመርጣል፤ ግሪን ካርድ ያላቸውን ይቀበላል፤ ለፔል ብቁ መሆንን ይጠይቃል። የሁለቱም ማመልከቻ በሴፕቴምበር ይዘጋል፤ ስለዚህ ክረምቱን አትተኙበት። ኬንታኪ ያለው በሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሠራል። ሃርቫርድና ኤምአይቲም ከ2025 መጸው ጀምሮ የቤተሰባቸው ገቢ ከ200,000 ዶላር ለማይበልጥ፣ ሀብታቸውም ለዚያ ገቢ የተለመደ ለሆነ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም። ልጃችሁ እዚያ የመግባት አቅም ካለው ዋጋውን ሰምታችሁ አትሽሹ። ከእነዚህ ውጪ፣ የልጃችሁ ትምህርት ቤት አማካሪ የሚያውቃቸው ትንንሽ የአካባቢ ስኮላርሺፖች አሉ፤ አመልካቻቸው ጥቂት ስለሆነ ዕድሉ የተሻለ ነው። አማካሪው በር ላይ ሄዶ መቆም የልጁ ሥራ ነው። ለማመልከት ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ያላመለከታችሁትን «አሸንፋችኋል» የሚል፣ የባንክ ቁጥር ላኩ የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

ስኮላርሺፕ ከውጭ ካገኛችሁ ለኮሌጁ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ በዚያው ልክ የራሱን ድጋፍ ይቀንሳል። ከመቀበላችሁ በፊት «የሚቀነሰው ከብድሩ ነው ወይስ ከማይመለሰው ገንዘብ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የድጋፍ ደብዳቤውንም ስታነቡ ብድርን ከስጦታ ለዩ። «30,000 ዶላር ሰጡት» ተብሎ የተደሰተ ቤተሰብ ደብዳቤ አንብቤ 18,000ው በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የመኖሪያ ግዛት ጉዳይም አለ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የነዋሪ ዋጋ የሚሰጡት ግዛቱ ውስጥ ቢያንስ 12 ወር ለኖረ ነው፤ ለሌላው ዋጋው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ዘመድ ተከትላችሁ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ግዛት አትቀይሩ። ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ኮሌጅ ላላገኘ አዲስ መጪ የእኔ ምክር ሁለት ዓመት ኮሙኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ነው። «ልጄ እንዴት ኮሙኒቲ ኮሌጅ ይገባል» የሚል ወላጅ ዕዳውን ራሱ ይክፈል እንጂ በልጁ ጫንቃ ላይ አይጫን።

አሁን እኔ ራሴ የወደቅሁበትን ልንገራችሁ፤ ይህን ሳትዘሉ አንብቡ።

በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። ፔል ግራንት ሙሉውን ተፈቀደልኝ፤ ኮሌጁም ትንሽ ስኮላርሺፕ ጨመረልኝ። አራት ኮርስ ያዝሁ። ቀን እማራለሁ፣ ማታ መጋዘን እሠራለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ፈረቃዬ ወደ ቀን ተቀየረ። አገር ቤት በእኔ እጅ የሚኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ሥራውን መልቀቅ አልቻልሁም፤ ትምህርቱን ተውሁት። ተውሁት ስል ለማንም ሳልናገር፣ አንድ ወረቀት ሳልፈርም መሄድ አቆምሁ ማለቴ ነው። ገንዘቡ አንዴ ተከፍሏል፣ በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

በሴሚስተሩ መጨረሻ አራት ኤፍ ተመዘገበብኝ። በጃንዋሪ ደግሞ የ1,400 ዶላር ዕዳ አለብህ የሚል ደብዳቤ መጣ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የፌደራል ድጋፍ የሚገባችሁ ትምህርት ላይ በቆያችሁበት ቀን ልክ ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶውን ካለፋችሁ ሙሉው የእናንተ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉንም ኮርስ ካቋረጣችሁ ግን ይሰላል። 3,000 ዶላር ተፈቅዶለት በ30 በመቶው ላይ ያቋረጠ ተማሪ የሚገባው 900 ዶላር ብቻ ነው። ኮሌጁ ያልተገባውን ገንዘብ ለመንግሥት ይመልስና ባዶ የቀረውን የትምህርት ክፍያ ከተማሪው ይጠይቃል። እንደ እኔ ሳይናገር የጠፋን ተማሪ ብዙ ኮሌጆች እስከ ሴሚስተሩ እኩሌታ እንደ ተማረ ቆጥረው ያሰላሉ።

ዕዳውን ወዲያው መክፈል ስላልቻልሁ ምዝገባ ተከለከልሁ፤ ሌላ ኮሌጅ እንዳልገባም ትራንስክሪፕቴ ተያዘ። ከዚያ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ተላለፈ። ስኮላርሺፑ ተሰረዘ። አራቱ ኤፎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጡ፤ ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ ነጥቡንና ያለፋቸውን ኮርሶች ድርሻ ኮሌጁ ካስቀመጠው በላይ መጠበቅ አለበት፣ ካልጠበቀ ፔሉም ይቆማል። ከፍዬ ጨርሼ፣ አቤቱታ ጽፌ ድጋፉ እስኪመለስልኝ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። ቢሮው ይህን ደንብ የነገረኝ በምዝገባ ቀን ካስፈረመኝ የወረቀት ክምር ውስጥ በአንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹም የተላኩት ከፍቼ በማላውቀው የኮሌጁ ኢሜይል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገር ግን በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ስልክ ቢደውልልኝ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር።

ስለዚህ ሥራ ወይም ሕመም ካስቸገራችሁ ከመቅረታችሁ በፊት ቢሮው ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ። ክፍያ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? 60 በመቶው የሚሞላው በየትኛው ቀን ነው? ሁሉንም ከመተው ሁለት ኮርስ ብይዝ ድጋፌ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ይዞ መጨረስ ከዚያ ዕዳ ያድናል። መተው ግድ ከሆነ በጽሑፍ ውጡ፤ የወጣችሁበትን ወረቀት ቅጂ ያዙ። በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ከሆነ የሐኪም ወይም የሞት ማስረጃ አስቀምጡ፤ አቤቱታ ያለ ማስረጃ አይታይም። የኮሌጁን ኢሜይል በየቀኑ ክፈቱ።

400 ዶላር የከፈሉት እናት ጉዳይ ገና አልሞተም። ማስረጃው በዚያው የትምህርት ዘመን ውስጥ ከተሟላ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፔል ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊከፈል ይችላል። ማክሰኞ ጠዋት አብሬያቸው ኮሌጁ እሄዳለሁ። ልጁ መታወቂያውን፣ ግሪን ካርዱንና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ እናቱ የግብር ወረቀታቸውን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ልጁ ራሱ ተቀምጦ በመለያው ላይ ያለውን ኢሜይል ወደ ራሱ ይቀይራል።