ታይላንድ የተከራያችሁት ሞተር መንገድ ላይ ቢቆም ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ቺያንግ ማይ፣ ፓይ፣ ፉኬት ወይም ኮ ፓንጋን የደረሰ ሰው ሞተር ለመከራየት ሩቅ አይሄድም። ባለ 125 ሲሲ ሆንዳ ክሊክ ወይም አነስ የምትለው ስኩፒ በቀን ከ200 እስከ 300 ባት አካባቢ ትገኛለች። ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ቁልፉም በአምስት ደቂቃ እጅ ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው ሞተሩ አልነሳ ሲል ነው። ተከራይ «ድሮም የደከመ ነበር» ይላል፣ አከራይ «ስትወስደው ደህና ነበር» ይላል፣ ማስያዣው ደግሞ ያለው በአከራዩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው የታይላንድን ሕግና ልማድ የተከተለ ነው። ወደ ቬትናም ወይም ወደ ባሊ የሚሄድ ሰው አሠራሩን ይውሰድ፣ የአንቀጽ ቁጥሮቹን ይተዋቸው።

ሕጉ የሚለው

የታይላንድ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ ስለ ኪራይ የሚደነግገው ክፍል ለሞተርም ይሠራል። በአንቀጽ 546 አከራዩ ዕቃውን በደህና ሁኔታ ማስረከብ አለበት። በአንቀጽ 550 በኪራዩ ጊዜ ለሚመጣ ብልሽት ኃላፊውም፣ ጥገናውን የሚያሠራውም እሱ ነው፤ በሕግ ወይም በልማድ ለተከራይ የተተወው ብቻ ይቀራል። የተከራይ ድርሻ በአንቀጽ 553 ተቀምጧል፦ አስተዋይ ሰው ለገዛ ንብረቱ እንደሚጠነቀቀው መጠንቀቅ፣ የተለመደውን እንክብካቤና ጥቃቅን ጥገና ማድረግ። አንቀጽ 557 ጥገና የሚያሻው ነገር ሲፈጠር ተከራዩ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። አንቀጽ 562 ደግሞ ለክርክሩ ዋናው ነው፦ ተከራይ በራሱ ጥፋት ያደረሰውን ጉዳት ይከፍላል፤ በአግባቡ ሲገለገልበት ያለቀውን ግን አይከፍልም።

አብዛኛው የኪራይ ውል ግን «ለማንኛውም ጉዳት ተከራይ ኃላፊ ነው» የምትል መስመር አለችው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢፍትሐዊ የውል ቃሎችን የሚመለከተው ሕግ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን መስመር ልክ እንዲያስይዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ለ3,000 ባት ብሎ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ቱሪስት የለም። ሕጉ የሚጠቅማችሁ ለድርድር ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «በእርጅና የሚመጣ የሞተር፣ የባትሪና የቺንጊያ ብልሽት የአከራዩ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በእጅ ይጻፍበትና ሁለታችሁም ፈርሙ (ቺንጊያ የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ቀበቶ ነው)። እንቢ ካለ ጎረቤቱም ሞተር ያከራያል።

ውሉ ውስጥ ሌላ የምትፈለግ ነገር አለች፦ ሞተሩ የት ድረስ መሄድ እንደሚችል። ብዙ አከራዮች ከክፍለ ሀገሩ ወይም ከደሴቲቱ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። ከክልሉ ውጭ ሲበላሽ የተበላሸው ዕቃ ዋጋ የአከራዩ ሊሆን ይችላል፤ በፒክአፕ ጭኖ የሚመልሰው ግን በእናንተ ሂሳብ ነው። መልሶ ማምጣቱ ደግሞ ከጥገናው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ብልሽቱ የማን ነው?

የጎማ መበሳት በልማድ የተከራይ ነው፤ መከራከርም አያዋጣም። መንገድ ዳር «ፓ ያንግ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጎሚስታ ያሳዩአችኋል። መለጠፍም ሆነ፣ የውስጥ ጎማ ካለው፣ እሱን መቀየር ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው በተበሳ ጎማ «እስከ ጋራዥ ልድረስ» ብሎ መንዳት ነው፦ የውስጡ ጎማ ይቦጫጨቃል፣ የውጩ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ቸርኬው ይጣመማል፣ ይህ ሁሉ በእናንተ ጥፋት ይመዘገባል። ወርዳችሁ ግፉት። ጎማው ጥርሱ አልቆ ወይም ደርቆ ከፈነዳ ግን ነገሩ ይለያል። ጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ «2317» ማለት እ.ኤ.አ. በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ያንን ፎቶ አንሱት።

ባትሪ ሲደክም የአከራዩ ነው፤ ቁልፉን ሳታጠፉ አድራችሁ ከሆነ የእናንተ ነው። ጋራዥ ውስጥ በቮልት መለኪያ ይለያል። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ከታየ ቻርጅ ማድረጊያው ደህና ነው፤ በደንብ ተሞልቶ አድሮ ጠዋት ከ12 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። ይህን ልኬት መካኒኩ በወረቀት ይጻፍላችሁ።

ቺንጊያ ሲበጠስ ሞተሩ ይጮኻል፣ የኋላ ጎማው ግን አይዞርም። ሆንዳ ለክሊክ ቺንጊያ የሚሰጠው የመቀየሪያ ጊዜ 24,000 ኪሎ ሜትር ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከዚያ በላይ እያሳየ አከራዩ መቼ እንደቀየረው ካላሳየ ክፍያውን ከእናንተ ለመጠየቅ ምክንያት የለውም።

ፍሬን ሸራ ሲያልቅ የአከራዩ ነው። ሸራው ግሎ መያዝ ሲያቅተው ግን ጭቅጭቅ ያስነሳል፣ በተለይ ከቺያንግ ማይ ወደ ፓይ በሚወስደው፣ 762 መታጠፊያ ባለው ቁጥር 1095 መንገድ ላይ። ስኩተር ቁልቁለት ላይ የሚይዝበት ማርሽ የለውም። ጋዙን ጨርሳችሁ ዘግታችሁ በጣም ቀስ ስትሉ ፍሪሲዮኑ ይለቅቃል፤ ሞተሩ መያዙን ተወ ማለት ነው፣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ጋዙን ለቅጽበት በትንሹ ከፈት ስታደርጉት መልሶ ይይዛል። ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ የኋላውን ብቻ ጨብጦ እስከ ታች መውረድ ሸራውን ያቃጥላል።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በሙቀት ነው። ክሊክ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር አለው፤ ስኩፒ በአየር ነው። የራዲያተር ውሃ ያንጠባጠበው ወይም ያልተሞላው በአከራዩ ቸልተኝነት ሊሆን ይችላል፤ ቀይ የሙቀት መብራት ከበራ በኋላ የተነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ግን የእናንተ ነው። ፓምፕ ወይም ቱቦ ብቻ ይቀየር የነበረው ነገር ጋስኬት ይሆናል፣ ቀጥሎም ፒስተን ይይዛል። መብራቱ ሲበራ እዚያው ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መብራቱንና ኪሎ ሜትሩን በአንድ ፎቶ አንሱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ ሳለ አትንኩ። ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ክሊክ ሲቀየርለት የሚወስደው 0.8 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጉድለት እንኳ ሞተር ይገድላል። አከራዩ በኋላ «ዘይት ሳታይ ነዳህ» እንዳይል፣ ከሳምንት በላይ ከያዛችሁት ዘይቱን ራሳችሁ እዩ፦ ሞተሩን ጥቂት አሙቁ፣ አጥፍታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ በመሃል መቆሚያው ሜዳ ላይ አቁሙ፣ መለኪያውን ጠርጋችሁ ሳታጠብቁ አስገብታችሁ አውጡት።

ጎርፍ ውስጥ መግባት፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ መንዳት፣ ናፍጣ መቅዳት፦ እነዚህ ሦስቱ ያለ ክርክር የተከራይ ናቸው። ማደያው ላይ 91 ወይም 95 የሚለውን ቤንዚን ምረጡ። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይጨመቅም፣ የሚጣመመው የፒስተኑ ዘንግ ነው።

ስትረከቡ

ቪዲዮ አንሱ፣ አከራዩ በድምፅም በምስልም ቢገባበት ይሻላል። ያለውን ጭረት ሁሉ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የጭስ ማውጫው ሽፋን፣ ከታች ያለው ፕላስቲክ፣ ቸርኬዎቹ። ከዚያ ቆጣሪው፣ የታርጋ ቁጥሩና የዓመቱ ቦሎ። ሞተሩ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅም ይቀረጽ፤ የቺንጊያ ፉጨት ካለ እዚያው ይሰማል። ቪዲዮውን ወዲያው ላይን (LINE) በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ወይም በዋትስአፕ ለአከራዩ ላኩለት። ስልካችሁ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ቪዲዮ «መቼ እንደተነሳ ማን ያውቃል» ይባልበታል።

ፓስፖርት ማስያዝ የለባችሁም። ፎቶ ኮፒና ጥሬ ገንዘብ ስጡ፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ባት የሚቀበል ቤት ሞልቷል። ፓስፖርታችሁ አከራዩ ዘንድ ካለ ሕጉ ምንም ቢል በረራችሁ ሲደርስ የተጠየቃችሁትን ትከፍላላችሁ።

መንገድ ላይ ሲቆም

መጀመሪያ ያልተበላሸ ነገር እንዳይሆን አረጋግጡ። አዳዲሶቹ ሆንዳዎች የጎን መቆሚያው ወርዶ እያለ አይነሡም፤ የፍሬን እጀታም መያዝ አለበት። ነዳጅ እዩ። ያለ ቁልፍ በሪሞት የሚነሳ ከሆነ የሪሞቱ ባትሪ ደክሞ ይሆናል። በዚህ ምክንያት መካኒክ ከተጠራ የመምጫውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ካልሆነ ምንም ሳታስነኩ ደውሉ፣ ደውላችሁም በጽሑፍ ድገሙት። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ የታርጋ ቁጥር፣ የቆማችሁበት ቦታ በካርታ፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን እንደሆነና መቼ፣ ፎቶ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ፦ «ሰው ትልካላችሁ ወይስ እዚህ ላሠራና ከሂሳብ ይታሰብ?» ለታይ መካኒክም ሆነ ለመንገደኛ «ሮት ሲያ» ማለት «ተበላሽቶብኛል» ነው። አከራዩ ሳያውቅ የተፈታ ሞተር ላይ ክርክሩን ግማሽ በግማሽ ተሸንፋችኋል፤ የተበላሸው ክፍል ምን እንደነበር ማሳየት አይቻልምና።

«አሠራው» ካለ ዋጋውን ከመካኒኩ በቁጥር ተቀብላችሁ ላኩለትና «እሺ» የሚለውን ጠብቁ። ከዚያ የክፍልና የእጅ ዋጋ ለየብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ፣ የተቀየረውንም አሮጌ ክፍል በፌስታል አስጠቅልላችሁ ያዙ። አንቀጽ 547 ንብረቱን ለማዳን የወጣ አስፈላጊና ተገቢ ወጪ ለተከራይ እንዲመለስ ያዛል፤ የተለመደ እንክብካቤና ጥቃቅን ጥገና ግን አይመለስም። ስልክ ካላነሳስ? በግማሽ ሰዓት ልዩነት ሁለት ሦስቴ ሞክሩ፣ ሙከራው ስልካችሁ ላይ ይታይ፣ ከዚያ ለመመለስ የሚያስፈልገውን ብቻ አሠሩ።

ሞተሩ የቆመባቸውን ቀናት ኪራይ አትርሱ። ብልሽቱ የአከራዩ ከሆነ ወይ ሌላ ሞተር ይስጥ ወይ ቀኑ ይቀነስ።

ስትመልሱ ሂሳብ ሲጋነን

ለአንድ ጭረት የሙሉ ፕላስቲክ ዋጋ፣ ለአንድ ፕላስቲክ የሙሉ ሞተር ቀለም መጠየቅ የተለመደ ነው። በጠቅላላ ቁጥር አትደራደሩ። ዝርዝር ጠይቁ፣ ከዚያ «አብረን የሆንዳ ወኪል ጋ ሄደን ዋጋውን እንጠይቅ» በሉ። በወኪሉ ዘንድ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁጥርና ዋጋ አለው፤ ብዙ ሂሳብ እዚያ ሳይደርስ ይቀንሳል። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ያለቀውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ አትክፈሉ፤ 30,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ቺንጊያ ዋጋው ዜሮ አጠገብ ነው።

ካልተስማማችሁ በ1155 ለቱሪስት ፖሊስ ደውሉ። ቋንቋ የሚችል ሰው ያገናኛችኋል፣ ሁለቱንም ወገን ያነጋግራል። ገንዘብ ከከፈላችሁ «ሌላ ጥያቄ የለንም» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። ስሙን ጠቅሳችሁ በኢንተርኔት እንደምታጋልጡት ግን አታስፈራሩ። ታይላንድ ውስጥ ስም ማጥፋት የወንጀል ጉዳይ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 328 በኅትመት ወይም በማሰራጨት የተደረገ ስም ማጥፋት እስከ ሁለት ዓመት እስር ያስቀጣል።

መድን የቱን ይሸፍናል?

«ፖር ሮር ቦር» የሚባለው የግዴታ መድን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ሕግ የቆመው፣ የሰው ጉዳት ነው የሚመለከተው። ማንም ያጥፋ ማን ለሕክምና እስከ 30,000 ባት የመጀመሪያ ክፍያ አለው፤ ለሞተሩ ግን አንድ ባት አይከፍልም። አከራዩ «ፉል ኢንሹራንስ አለው» ሲል የፖሊሲውን ወረቀት አሳየኝ በሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች የሚሰጡት የኪራይ መኪና ሽፋን ሞተርሳይክልን በአብዛኛው አይጨምርም። የጉዞ መድንም ቢሆን የሚያክመው እናንተን ነው፤ እሱንም የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ሊከለክል ይችላል።

የመኪና መንጃ ፈቃድ በቂ አይደለም። ከአሜሪካ የሚመጣ በአገሩ ፈቃድ ላይ ኤም፣ ከእስራኤል የሚመጣ ኤ ምድብ ሊኖረው፣ በዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዱም ላይ የሞተር ማኅተም ሊኖር ይገባል። ጀርመን ያሉ ወገኖች በተለይ ይጠንቀቁ፦ በመኪና ፈቃድ ላይ የሚጨመረው ቢ196 የሚባለው የሞተር ፈቃድ ከጀርመን ውጭ አይሠራም። ፈቃድ የሌለው ሰው ቺንጊያ ሲበጠስበት አከራዩ ይህን እንደ መያዣ ቢያነሳ መልሱ አጭር ነው፤ ቺንጊያው ያለቀው በፈቃድ ጉድለት አይደለም። አደጋ ላይ ግን ይህ መልስ አይሠራም፤ ከግዴታ መድኑ የመጀመሪያ ክፍያ በላይ ያለው የሕክምና ሂሳብም የሞተሩም ሂሳብ በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።