ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለቢዝነስ ተማሪ ይስማማል? ጎንደር ላይ ሆኖ እንዴት መወሰን ይቻላል

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ «ልጁ የት ደረሰው?» ይባባላል። የደረሰው ቦታ ለልጁ ጠባይና ለሚማረው ትምህርት ይስማማል ወይ የሚለው ግን በአብዛኛው ሳይነሣ የምዝገባው ቀን ይደርሳል። ከዚህ በታች የቀረበው በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በማርኬቲንግ ለመመረቅ ያሰበ ተማሪ ከወላጆቹ ጋር ይህንን ጥያቄ ተራ በተራ የሚመልስበት አካሄድ ነው።

መጀመሪያ፦ በእጅዎ ያለውን ምርጫ ይለዩ

መደበኛ ተማሪዎችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምደባው በውጤትና ተማሪው በሞላው የምርጫ ቅደም ተከተል ላይ ስለሚመሠረት፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጥር ሥር ያደገ ልጅ ሐዋሳ ወይም ጅማ ሊደርሰው ይችላል። (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ለብቻው መታየት አለበት።) ስለዚህ «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሻለኛል ወይ?» ከማለት በፊት «ብዙ ሺህ ተማሪ ያለበት የመንግሥት ተቋም ይሻለኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ተማሪው በእርግጥ የሚወስንባቸው ጊዜያት ሦስት ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ሲሞላ፣ ምደባው ከወጣ በኋላ መሄዱን ወይም እዚሁ በግል ኮሌጅ መማሩን ሲመርጥ፣ እንዲሁም የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመርጥ። ብዙ ቤተሰብ ጭንቀቱን ሁሉ በመጀመሪያው ላይ ያውለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን የቢዝነስን ተማሪ ዕጣ ይበልጥ የሚወስነው ሦስተኛው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች የሚያልፍ ሆኗል፤ ፍሬሽማኑ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የመሳሰሉትን ይማራል እንጂ የአካውንቲንግ መዝገብ አይከፍትም። ድልድሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በጂፒኤ (በአማካይ የትምህርት ውጤት) እና በምርጫ ስለሚካሄድ ብዙ ሰው የሚፈልገው ዲፓርትመንት ቶሎ ይሞላል። አካውንቲንግ ብሎ የሄደ ተማሪ ማኔጅመንት ቢደርሰው በደስታ ባይሆንም በትጋት ሊጨርሰው ይችል እንደሆነ ከወዲሁ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ «በፍጹም» ከሆነ፣ ትልቁ ግቢ ለእሱ ዕድል የመሆኑን ያህል ቁማርም ነው።

ሁለተኛ፦ የተቋሙን ዝና ከትምህርት ክፍሉ ይነጥሉ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የዩኒቨርሲቲነት ስያሜ አገኘ፤ ዛሬም በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከተለዩት ስምንት የአገሪቱ ተቋማት አንዱ ነው። ስሙን ያገነነው ሕክምናው እንደሆነ ግን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሆስፒታሉ ዝና ደግሞ ለአካውንቲንግ ተማሪ መምህርም መጽሐፍም አይሆነውም። እንዲሁ ሌላው ዩኒቨርሲቲ በግብርናው ወይም በምሕንድስናው የገነነ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም መረጃ ሲሰበስቡ ስለ ዩኒቨርሲቲው በጥቅሉ ሳይሆን ስለ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጁ፣ ከተቻለም ስለሚፈልጉት ዲፓርትመንት ብቻ ይጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ግቢውን በሥራ ቀን ይዩት

የምረቃ ቀን የታየ ግቢ እንደ ተሞሸረች ሴት ነው፤ የዘወትር መልኩ አይታወቅም። ሴሚስተሩ በተጋመሰ በአንዱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ በር ላይ መታወቂያ መጠየቁ ስለማይቀር ከሚያውቁት ተማሪ ጋር ተያይዘው ይግቡ። ምደባዎ ገና ባይታወቅም ልፋቱ ከንቱ አይሆንም፤ የትልቅ ግቢ ኑሮ በየከተማው ይመሳሰላል።

የሚጠይቁት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ይሁን። ፍሬሽማን ዲፓርትመንቱን ገና አላየውም፤ ተመራቂውም ያለፈበትን ችግር በናፍቆት እየሸፈነ ያወራል። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ፣ አሳይመንት ታርሞና አስተያየት ተጽፎበት ይመለስ እንደሆነ ወይም ውጤቱ ብቻ ይለጠፍ እንደሆነ፣ የአካውንቲንግ ሶፍትዌር በኮምፒውተር ላይ ይሠሩበት ወይስ በሰሌዳ ላይ ብቻ ይነገራቸው እንደሆነ ይጠይቁ። ከሁሉ ይልቅ ግን አንዲት ጥያቄ አትቅር፦ «የድጋፍ ደብዳቤ ቢያስፈልግህ ስምህን የሚያውቅ መምህር አለ?» በትልቅ ተቋም ውስጥ ማንም ተማሪን ፈልጎ አይመጣም፤ መምህሩን በቢሮው ሰዓት ሄዶ የሚያንኳኳ ተማሪ የሚያገኘውን፣ ከኋላ ወንበር ላይ አራት ዓመት በዝምታ የተቀመጠ አያገኘውም። ተማሪዎቹ ለዚህች ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ስለ ዩኒቨርሲቲው ያህል ስለ ራሳቸውም ይናገራል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከአራት ሰው ይስሙ።

ሌላው መለኪያ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመንግሥትም ከግልም ተቋም የሚወጣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሙያው አንድ ዓይነት አገር አቀፍ ፈተና የሚቀመጥ ሲሆን፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ አይመረቅም። ይህ ፈተና ከመምጣቱ በፊት ሁለት ኮሌጆችን ማወዳደር በወሬ ነበር፤ አሁን ግን በሚፈልጉት ዲፓርትመንት ባለፉት ሁለት ዙሮች ስንት ተማሪ ተቀምጦ ስንቱ እንዳለፈ መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሩ ሲነገርዎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑትና በድጋሚ የተፈተኑት ተለይተው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ሥዕሉ ይጠፋል። ይህንኑ ጥያቄ ለግል ኮሌጁም ያቅርቡ።

አራተኛ፦ ራስዎን ይፈትኑ

ላይብረሪ ገብተው የአካውንቲንግ መግቢያ መጽሐፍ ይዋሱና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያለማንም እርዳታ ያንብቡ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ፈተናው የቁጥር ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ይሆናል። ከዚያ በምዕራፉ መጨረሻ ካሉት ጥያቄዎች አምስቱን ሠርተው፣ ያልገባዎትን ደግሞ ለማን እንደሚጠይቁ ያስቡ። በሁለተኛው ቀን የላይኛው ክፍል ተማሪ ፈልገው ያስረዳዎት ከሆነ ትልቅ ግቢ አያስፈራዎትም። መጽሐፉን ዘግተው መምህር እስኪመጣ መጠበቅን ከመረጡ ግን፣ ተማሪዎቹ ጥቂት የሆኑበት ክፍል የተሻለ ሊይዝዎ ይችላል፤ ይህ የጠባይ ጉዳይ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ኢኮኖሚክስ ያሰበ ሰው ደግሞ ካልኩለስና ስታቲስቲክስ እንደሚጠብቁት ይወቅ፤ ሒሳብ ሸሽቶ ወደ ኢኮኖሚክስ የገባ ተማሪ ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ ውስጥ የገባ ነው።

አምስተኛ፦ ወጪውን ያስሉ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ አይደለም፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ የምግቡን፣ የዶርሙንና ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ከግል ኮሌጅ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ቀላል ነው። ቤተሰብ የሚዘነጋው ትራንስፖርቱን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ ላፕቶፑንና በግቢው ምግብ ቤት (ካፌ) ከመመገብ ይልቅ ነን ካፌ ሆኖ በራስ ገንዘብ ለመመገብ ሲወሰን የሚጨምረውን የምግብ ወጪ ነው። እነዚህን በወር ደምረው በአሥር ወር ያባዙ። ሩቅ አገር ከደረሰዎ የመንገዱን ሁኔታና ለበዓል መመለስ ይቻል እንደሆነም ከስሌቱ ጋር ይታይ።

ስድስተኛ፦ ከተማውን እንደ ክፍል ይዩት

ለሕክምና ተማሪ ሆስፒታሉ መማሪያው እንደሆነ ሁሉ ለቢዝነስ ተማሪም ገበያው መማሪያው ነው፤ በዚህ ረገድ ጎንደር ላይ የደረሰው ተማሪ ዕድለኛ ነው። ከመተማ በኩል የሚመጣው ሰሊጥ፣ በጥምቀት ሰሞን የሆቴል አልጋ ዋጋ የሚወጣበት መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ የሚስበው ጎብኚ፣ የዳሸን ቢራ ስርጭት፣ ሁሉም ማርኬቲንግና ፋይናንስ ነው። አንድ ሙከራ ያድርጉ፤ ቅዳሜ ገበያ ወይም አራዳ ከሚያውቁት ነጋዴ ዘንድ ቁጭ ብለው የዱቤ መዝገቡን እንዲያሳይዎ ይለምኑት። ያቺ ጠርዟ የተበላ ደብተር በትምህርት ክፍል ቋንቋ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ትባላለች፤ ማን መቼ እንደወሰደ፣ ስንቱ እንደማይመለስ ነጋዴው ከልምድ ያውቀዋል። ይህ ጨዋታ ያስደሰተው ሰው የክፍሉ መጨናነቅ ብዙም አይጎዳውም፤ የጎደለውን ከደጅ ይሞላዋልና። በሌላ ከተማ የተመደበም ይህንኑ ጥያቄ ለዚያ ከተማ ያንሣ፤ ግቢው ከገበያው ምን ያህል ይርቃል? ከሰዓት በኋላ ወጥቶ መመለስ ይቻላል?

በመጨረሻ፦ በአንድ ገጽ ይጻፉት

በቀኝ በኩል ትልቁ ተቋም ለእርስዎ የሚሰጠውን፣ በግራ በኩል ከእርስዎ የሚጠይቀውን ይጻፉ፤ የሰሙትን ከማን እንደሰሙት ጭምር ያስፍሩ። በግራ ያለውን አብዛኛውን ያለ ጎትጓች እንደሚያደርጉት ወላጅዎ ወይም ታላቅ ወንድምዎ ከመሰከሩልዎ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹን በቅደም ተከተል ሲሞሉ ትልልቆቹን ከላይ ያስቀምጡ። ካልመሰከሩልዎ አነስ ያሉትን ያስቀድሙ ወይም የግሉን ኮሌጅ የመውጫ ፈተና ውጤት ይዘው በድጋሚ ይመካከሩ። ወረቀቱን አይጣሉት፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ጂፒኤ ሲለጠፍ፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት አውጥተው በአዲሱ ቁጥር ያርሙት።